ባው-ጁ ክሩን ስትለቀው

ውድ ጂን-ፌንግ፣

ለዓይንሽ ሕክምና ያጠራቀምሽውን አምስተኛ እቁብ ላይ ከመጣልሽ በፊት ይህን ተረጂልኝ፤ አምስት እቁብ መግባት ገንዘብን አምስት ቦታ ማስቀመጥ አይደለም።

ትናንት እዚህ ዶንግጋንግ ከተማ፣ ቤተ መቅደሱ ደጅ ላይ፣ የእህቴ ጎረቤቶች ሽሪምፕ እየላጡ «አንዱ እቁብ ቢፈርስ ሌሎቹ አሉን» ይላሉ። ቀይ ክር አመጣሁና አብረው እቁብ የሚጥሉትን ሁሉ እጅ ለእጅ አገናኘሁ። ሁሉም ክር የዓሣ ሻጯ የባው-ጁ ጣቶች ላይ ደረሰ። «ገበያ ጠፍቶ መክፈል አቃተሽ እንበል፤ ልቀቂው» አልኳት። ስትለቀው ክሩ ሁሉም እጅ ላይ ረገበ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓሣ ሻጭ ነሽ ወይስ ባንክ?» ብላ እህቴ ጮኸች።

«ምን ላድርግ? የኔ እቁብ ውስጥ ገብተሽ ያንቺን እምቢ ብል ዓመት ታኮርፊኛለሽ!»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባው-ጁም ዙሩ ሲያልቅ ከሁለት እቁቦች ልትወጣ ቃል ገባች፤ ያኮረፈም የለም።

ታይናን ያለነው ጡረተኛ መምህራን ግን ከነሱ እንብሳለን። በይሉኝታ ያልተገባባንበት እቁብ የለም።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሊሞላብኝ ነው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ደረቅ ዓሣ ይዤላችሁ እመጣለሁ። እባክሽ፣ በአምስቱም እቁብ ውስጥ ያለችው የኛዋ ባው-ጁ ማን እንደሆነች አስቢና ገንዘቡን ሳትሰጪ ቶሎ ጻፊልኝ።

ሲዮ-ዪንግ