ስልኩን ሳይዘጉ የገቡት ወንድማችን

ወንድማችን ከማተሚያ ቤት ሠራተኛ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። እናታችን በሕይወት ሳሉ "ይሄኛው ሲወለድ አላስቸገረኝም፤ አጠራቅሞ በኋላ ነው ያሳየኝ" ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው በአንድ የሊፍት ጥገና ድርጅት ተቀጠሩ። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው የትኛው ፎቅ ላይ ምን እንደላላ ይናገሩ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመታቸው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ከዚያ መጠጡ መጣ። የሕይወት ታሪክ እዚህ ላይ ይዘላል። እኛ አንዘልም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሥራ ጓደኞቻቸው "ጋሽ ሊፍቱ" ያሏቸው በሙያቸው ብቻ አልነበረም፤ ጠዋት ቀጥ ብለው ወጥተው ማታ ስለሚወርዱ ነው።

በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ አንዲት አስተማሪ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሃል ተቀርቅራ ሁለት ሰዓት ተኩል ስትጮህ፣ ተረኛው ጠጋኝ እሳቸው ነበሩ። ማዶ ካለው ሆቴል ባር ስልካቸውን አጥፍተው ተቀምጠዋል። ከሥራ ተባረሩ። ባለቤታቸው ልጆቹን ይዘው እናታቸው ቤት ገቡ።

ማገገሚያ ገብተው በወራቸው ወጡ። ቤተሰቡ ዳኑ ብሎ ተደሰተ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አገረሸባቸው። ታናሽ እህታቸው "በቃኝ" ብላ በሯን ዘጋች።

ሁለተኛው ማገገሚያ ሌላ ነበር። አማካሪዋ ገና ሲያገኟቸው "ማቆምማ ይችሉበታል፤ አሥር ጊዜ አቁመዋል። እኛ የምንሠራው ካቆሙ በኋላ ላለው ቀን ነው" አሏቸው። መጠጥ የሚያሰኛቸውን ቦታ፣ ሰዓትና ሰው በወረቀት አስጻፏቸው። አንደኛው መስመር ያ ሆቴል ነበር። ሁለተኛው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ሦስተኛው "እህቴ ስትቆጣ"። ከዚያ በየመስመሩ አንጻር ምን እንደሚያደርጉ፣ በየት እንደሚዞሩ፣ ለማን እንደሚደውሉ ጻፉ። ማክሰኞ ማክሰኞ የቡድን ውይይት ነበር። ቤተሰቡም ተጠርቶ ተማረ። እህታቸው ሰዓቷን እያየች "ለመሆኑ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?" ብትል፣ አማካሪዋ "እህቴ፣ የስኳር በሽተኛ መርፌውን እስከ መቼ ነው የሚወጋው?" አሏት። ሰዓቷን ማየት ተወች። ከእሷ አይጠበቅም።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ቀን ጠጡ። በሦስተኛው ቀን በእግራቸው ሄደው ተናገሩ። አማካሪዋ አልተቆጡም። "ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ምን ላይ ነበሩ?" ብለው አንድ መስመር አስጨመሩ፤ "ብቻዬን ምሳ ስበላ"። ከዚያ ወዲህ ምሳ ከእህታቸው ጋር ሆነ። ዘጠኝ ዓመት።

ሥራቸው ተመለሰ። በአራተኛው ዓመት ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ተመለሱ። ከሥራ እስከ ቤት አሥር ደቂቃ ነው፤ እሳቸው ሆቴሉን ላለማለፍ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይዞሩ ነበር። ጫማ አይበረክትላቸውም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ምሳ በልተው፣ ጨው በዛ ብለው፣ ተነሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆቴሉ አሳላፊ ከኪሳቸው ወረቀት ላይ ቁጥሯን አግኝቶ ለእህታቸው ደወለላት፤ "ወንድምሽ ባሩ ውስጥ ወድቀዋል፣ ቶሎ ነይ።"

እየሮጠች አላለቀሰችም፤ ትሳደብ ነበር። ደርሳ ተንበረከከች። ትንፋሽ መኖሩን ከማየቷ በፊት አፋቸውን አሸተተች። ፊታቸው፣ ሸሚዛቸው ውስኪ ውስኪ ይላል። "ዘጠኝ ዓመት" አለች። ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ሰፈር ገባ። አሁንም ቆማችሁ በጆሮ የምትባባሉትን እናውቃለን። እንግዲህ የሆነውን ስሙ።

የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ሊፍት ውስጥ ተቀርቅራ ነበር። በቅርብ የነበሩት ጠጋኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ወደ ሞተሩ ክፍል የሚገባው በባሩ በኩል ነው። በሩ ላይ ቆመው ለአማካሪዋ ደወሉ፤ "አንደኛው መስመር ላይ ነኝ። ሰው ተቀርቅሯል። ስልኩን አልዘጋም፤ እርስዎም አይዝጉ።" ስልኩን ደረት ኪሳቸው ከተው ገቡ።

አማካሪዋ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰሙ። የመፍቻ ድምፅ። የብርጭቆ ድምፅ። አሳላፊው "ጋሼ፣ ላብዎ እንዲደርቅ አንዲት ልቅዳልዎት?" ሲል። እሳቸው "ውሃ ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ብርሃኑን አትከልክለኝ" ሲሉ። ከዚያ የሊፍቱ በር ተከፈተ፤ ሴትዮዋ አለቀሰች። "ወጣች" አሉ ወደ ስልኩ። "እኔም ልወጣ ነው።" ወንበር ወደቀ።

ልባቸው ነው የቆመው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ጽፈዋል። በደማቸው ውስጥ የመጠጥ ጠብታ አልተገኘም። ውስኪው አሳላፊው ደንግጦ፣ ይነቃሉ ብሎ ፊታቸው ላይ የደፋው ነው። "እጄ ላይ የነበረው እሱ ነው" አለ። እህታቸው ይህን ከአማካሪዋ የሰማችው አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ነው። አፋቸውን በማሽተቷ ይቅርታ የምትጠይቃቸው ስላጣች፣ በእናንተ ፊት ትጠይቃቸዋለች።

በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ያረፉት ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት እህትና ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከኋላ የቆሙት አሥራ አንድ ሰዎች የማክሰኞዎቹ ናቸው፤ ቤተሰብ ናቸውና ወደ ፊት አሳልፏቸው። ምግብ አብሳይዋም መጥታለች።

እሳቸው በዚህ ዓለም ብዙ ዞረዋል። አምላክ በአጭሩ መንገድ ይቀበላቸው።