ሻንጣውን ያስፈታው አባት

እሑድ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1996፣ ጠዋት

ዛሬ ሺፍት የለኝም። እግሬ አብጧል። ትናንት የሆቴሉን ሁለት ፎቅ ብቻዬን አጽድቼ በቀጥታ ኬንቲሽ ታውን። ማስታወሻዬ፣ ድርሰቴን ለሰው አነበብኩት! የኮሚኒቲው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። አባትየው ልጁን አውቶቡስ ተራ ሲሸኝ፣ ሻንጣው በደንብ አልታሰረም እያለ ረዳቱን ገመድ ደጋግሞ የሚያስፈታበት ቦታ ላይ ስደርስ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አዘጋጁ አቶ ዘውዱ በኮሚኒቲው መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ላይ አውጥቶታል። ስሜ በትልቁ።

ጋሽ መርሻ ብቻ አልነበሩም። ዓይናቸውን ኦፕሬሽን ተደርገው ማንበብም መውጣትም ተከልክለዋል። ለአደባባይ ያላበቁት የራሳቸው ብዙ ጽሑፍ አላቸው። አገር ቤት መምህር ነበሩ። እዚህ ለንደን ከመጣሁ ጀምሮ እሑድ እሑድ ድርሰቴን በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኛል፤ ይሄኛውን ግን በዓይናቸው ምክንያት አላዩትም። መጻፍ የተማርኩት የሳቸውን አረፍተ ነገር እያየሁ፣ እንደሳቸው ለመጻፍ እየታገልኩ ነው። በሚመጣው እሑድ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10፣ ማታ

ምን ብዬ ልጀምር።

ኬኒንግተን፣ ጋሽ መርሻ ፍላት። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል። አገሩ ሁሉ ስላንቺ ያወራል፣ በይ አንብቢልኝ አሉ። ጀመርኩ። ፈገግ አሉ። ገመዱ ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ሰናይት፣ ተሳስተሻል። ይሄ እኮ የእኔ ነው። የራስሽን አንብቢልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ካለው ክላሰራቸው ያነሳሁ መስሏቸው! እኔም ሳቅኩ። ጋሼ፣ የራሴ ነው አልኳቸው። ቀጣዩን አረፍተ ነገር እኔ ሳልደርስበት በቃላቸው አሉት።

«ሻንጣው እንዳይወድቅ ሰግቶ አልነበረም፤ መኪናው እንዳይነሳበት ነው።»

ገጼን አየሁት። ቃል በቃል።

አልሰረቅኩም፣ እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም አልኩ። እንደማታውቂ አውቃለሁ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይተው ያ ልጅ ዮናስ ነው አሉ። ልጃቸው። ደሴ አውቶቡስ ተራ የሸኙት፣ ጦር ሜዳ የቀረው። ልጅ እንደነበራቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ጠይቄም አላውቅ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ትዝ አለኝ። በመጣሁ በመጀመሪያው ብርድ። ከሥራ ወጥቼ እሳቸው ሶፋ ላይ ጋደም እል ነበር። የጻፉትን ያነቡልኛል፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እንቅልፍ ይወስደኛል። ድምፃቸው ውስጤ ቀርቶ ነው። ኋላ ብዕር ሳነሳ ራሱ መጣ። ምንም ሳልደክም። ያኔ ተሰጥኦ መስሎኝ!

ስጽፈው አልቅሻለሁ እኮ። አባቴን ያሰብኩ መስሎኝ። የኔ አባት ሻንጣ አላስፈታም። ኤርፖርትም አልመጣም፤ ሥራ አለብኝ አለ። ያልነበረኝን አባት ከጋሽ መርሻ ወሰድኩ።

የድሮ ጽሑፎቼን ሁሉ አውጥቼ አየሁ። የቱ የኔ ነው? አጫጭሩ አረፍተ ነገር የሳቸው። ዝምታው የሳቸው። ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 14

አቶ ዘውዱ ጋ ደወልኩ። ነገርኩት። ሳቀ። ሁለት ሰው አንድ ነገር ያስባል፣ ምን አዲስ ነገር አለው አለኝ። አረፍተ ነገሩ አንድ ነው እኮ አልኩት። ሰው ረስቶታል፣ መጽሔቱን አታሰድቢ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ዝም ማለት እችላለሁ ማለት ነው ብዬ። ወዲያው አፈርኩ።

እሑድ፣ ኖቬ. 17

ሄድኩ። ሻይ አፈሉልኝ። ስለ ቤቱ ማሞቂያ አወሩ፤ እንደገና ተበላሽቷል። ጠረጴዛው ላይ ክላሰሩ የለም። ሁልጊዜ እዚያ ነበር።

ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፣ የእርስዎ በስምዎ ይውጣ አልኳቸው። አሁን የእኔ ቢወጣ ሽማግሌው ከልጅቷ ኮረጀ ነው የሚሉት አሉ። ሳይቆጡ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣

«በደንብ ነው የጻፍሽው። ዮናስ ሁለተኛ ሄደብኝ» አሉ።

ኩባያዎቹን አጥቤ ወጣሁ። አውቶቡስ ሳልጠብቅ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ በእግሬ።

ሰኞ፣ ኖቬ. 18፣ ምሳ ሰዓት

ከሆቴሉ ስልክ ዘውዱ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ካላወጣህ ቅዳሜ የኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ ተነስቼ እናገራለሁ አልኩት። ጥግ ላይ ትንሽ ማረሚያ አወጣለሁ አለ። አይሆንም፣ የኔ የወጣበት ገጽ ላይ፣ ሙሉው ታሪክ በጋሽ መርሻ ስም አልኩት። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ አለ፣ እሳቸው ከፈቀዱ።

እሳቸው ጋ ደወልኩ። ነገርኳቸው።

«ከወጣ አይቀር የልጁ ስም ይግባበት» አሉ።

እውነትም በሳቸውም በኔም ጽሑፍ ልጁ ስም አልነበረውም። ስሙን መጻፍ አቅቷቸው እንደነበር ነገሩኝ። ጽሑፉን ዘውዱ መጥቶ ይውሰደው፣ አንቺ አትድከሚ አሉ። እኔ ልምጣ፣ እኔ ልተይብልዎ አልኩ። አይ፣ እሱ ይምጣ።

እሑድ ነይ አላሉኝም።

ቅዳሜ ግን እናገራለሁ፣ ቢታተምም። በአንደበቴ ያነበብኩትን በአንደበቴ። ሺፍቴን ካንስል አድርጌያለሁ።