የተሰረዘው ግምት

አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔሰው፣ ባንኮክ

ስልክህን ብታነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወልኩልህ። በቴሌግራም የላክሁትንም የድምፅ መልእክት አልከፈትከውም፤ አንዷ ምልክት ብቻዋን ቆማ ቀርታለች። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዛሁ። ጎረቤታችን ብርቱካን ረቡዕ ልብስ ልታመጣ ወደ ባንኮክ ስለምትበር፣ «እጁ ላይ ሳታስቀምጪው እንዳትመለሺ» ብያታለሁ። መቼም ታውቃታለህ፤ ጉምሩክን የምታሳምን ሴት አንተ አታቅታትም።

ስለ ጤናዬ፦ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል፣ ፀሐይ ሲሞቀኝ ይለቀኛል። የማይለቀኝን አንተ ታውቀዋለህ።

ሻይ ቤቱ እንዳለ ነው። የጋራዥ ልጆች ቱታቸውን እንደለበሱ ይገባሉ፣ ወንበሮቼን ግራሶ ያስነካሉ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። ቡጢና ትግል የሚደባለቅበት የእናንተ የኤምኤምኤ ፍልሚያ ያለ ቀንማ መቀመጫ አይገኝም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቴሌቪዥኑን የገዛው ለኳስ ብሎ ነበር። አሁን ደንበኞቹ ስለ ካልቾና ስለ አንገት ማነቅ ሲከራከሩ ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ። እኔም የመጀመሪያ ግጥሚያህን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ በቀዳዳው ነው ያየሁት። ዛሬ ግን ተከራክሮ የሚረታኝ ወንድ ጠፍቷል።

አንተ የምትጋጠምበትን የመጪውን ቅዳሜ ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች ተከራክረንበታል። ከሩሲያ ዳጌስታን የመጣው ታጋይና ብራዚላዊው በሚገናኙበት በዋናው ግጥሚያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ጓደኛህ በዛብህ፣ ያው እንደምታውቀው ከፍሬን ጥገና የተረፈውን ጊዜ እኛ ቤት ነው የሚጨርሰው፣ «ዳጌስታኒው በሁለተኛው ዙር መሬት ላይ ይጥለዋል፣ ከጣለው አለቀ» ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ያንን ብራዚላዊ መሬት ላይ መጣል ማለት ሰውዬውን ቤቱ ድረስ መሸኘት ነው፤ በጀርባው ተኝቶ አይደል እንዴ እግሩን አንገታቸው ላይ የሚቆልፈው!

«ማዘር፣ ዳጌስታኒ እጅ ሲሰጥ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ በዛብህ።

«አንተስ የማይጮህ ፍሬን ሠርተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የሴቶቹን ግጥሚያ ለታይላንዷ ልጅ ሰጥቻለሁ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ፣ የድሮው የስፖርት አስተማሪህ፣ «ዘነበወርቅ፣ ተሳስተሻል፤ ጃፓናዊቷ ትንፋሽ አላት፣ ዙሩ በረዘመ ቁጥር እሷ ናት የምትበረታው» አሉኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ግን ልጅቷን የመረጥኳት ወደ ሽቦው አጥር ከመግባቷ በፊት ለእናቷ ዝቅ ብላ እጅ ስለምትነሳ ነው። የእኔ ትንታኔ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ስሸነፍ የምኖረውም ለዚሁ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። አንተ በሻይ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የግምት ደብተሩን ገጽ ፎቶ ብቻ ነው የምታየው። ከሄድክ በኋላ ምን ሕግ እንደወጣለት ማንም አልነገረህም። ፍልሚያው ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ያሸንፋል የሚለውን ስምና ዙሩን በእጁ ይጽፋል። ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የፈለገውን ወንበር ይመርጣል። የሳተ፣ የቴሌቪዥኑ ግማሽ ብቻ ከሚታይበት ከምሰሶው ኋላ ይቀመጣል። መሰረዝ ክልክል ነው። የሰረዘ ሰው ፕሮግራሙን በረንዳ ላይ ሆኖ በጆሮው ይከታተላል።

እኔ በገዛ ቤቴ ከምሰሶው ኋላ ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ገምቼ አንድም አላገኘሁም። አንዱን እንኳ! አሁን አሁን የጋራዥ ልጆች መጀመሪያ «ማዘር ማንን ጻፉ?» ይሉና ሌላኛውን ይጽፋሉ፣ ያገኙማል። እኔ የጻፍኩት ሰው ወይ እግሩ ይታጠፋል፣ ወይ ዳኞቹ ይጨክኑበታል። ንስሐ አባቴ ይህን ሳምን ቢሰሙ በመስቀላቸው ራሴን ነው የሚሉኝ፤ እኔም በሟርት አላምንም እላለሁ። ግን የኔሰው፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ!

ያንተን ግጥሚያ ግን ጽፌ አላውቅም። እናት አትገምትም እያልኩ አልፈው ነበር።

ከዚያ ያ ስልክህ መጣ። «እማ፣ ያን የካዛክስታን ልጅ፣ ካዛኩን፣ ካሸነፍኩ የሦስት ዓመት ውል ይፈርሙልኛል፤ ከተሸነፍኩ ትኬት ቆርጠው ይሸኙኛል» አልከኝ። እልል አልኩልህ፤ እልልታዬን ሰምተሃል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ አሰብኩ። እስካሁን ከሄድክ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ስትሄድ ጢምህ ገና እዚህም እዚያም ነበር፤ አሁን በስክሪን የማየው ሰውዬ ሙሉ ጢም አለው፣ ሲያድግ አላየሁትም። ሦስት ዓመት ሲጨመርበት የምትመጣው የሌላ ሰው ልጅ ሆነህ መሰለኝ። ፈራሁ። ስለ ትከሻህም ስለ አፍንጫህም አይደለም የፈራሁት፣ እንደምታሸንፍ ስለማውቅ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ ያለወትሮዬ «እስቲ ደብተሩን አምጣው» አልኩት በዛብህን። ቁጭ ብዬ «የኔሰው፣ አንደኛ ዙር» ብዬ ጻፍኩ። ማየት ነበረብህ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጨበጡኝ። አንዱ የጋራዥ ልጅ ብቻ ከኋላ «ኧረ ማዘር የጻፉት እኮ ይሸነፋል!» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ዝም በል ብለው ጮኹበት።

ልጁ የቀለደበትን ነገር እኔ አውቄ ነበር የጻፍኩት። የጻፍኩህ እንድትሸነፍ ነው፣ ልጄ። እንድትወድቅና ትኬት ቆርጠው እንዲልኩልኝ ነው። እያጨበጨቡልኝ ሳለ በልቤ ቦሌ ሄጄ ስቀበልህ ነበር።

ብርጭቆ ላጥብ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያ ጆንያህ አሁንም ከቆርቆሮው ሥር ተንጠልጥሏል፣ ጨርቅ የጠቀጠቅክበት። አላወረድኩትም። ብርጭቆዎቹን ይዤ ሳልፍ ትከሻዬን መታኝ። ጎኑ ላይ አሥራ አራት ዓመትህ ሳለ የቀደድከው፣ እኔ በከረጢት መስፊያ የሰፋሁት ስፌት አለ። ስንት ጊዜ ነው ያን ስፌት የደገምኩት? የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል አንተ በጭሱ መሀል ቆመህ ትመታው ነበር። እያሳለህ። «ግባ፣ ሳንባህን ልትጨርስ ነው» ስልህ፣ «አንድ ዙር ቀረኝ እማ» ትለኝ ነበር። ያን ልጅ ነው እንግዲህ ውደቅ ብዬ ስሙን የጻፍኩት። ብርጭቆውን እንኳ አላጠብኩም።

ተመልሼ ገባሁ፣ ደብተሩን ከበዛብህ እጅ ወሰድኩ፣ ስምህን ሰረዝኩና ከሥሩ «ካዛኩ፣ ሁለተኛ ዙር» ብዬ ጻፍኩ።

«ማዘር! በገዛ ልጅዎ ላይ?» አለ በዛብህ። እንደ እሱ ያለ የዋህ ሲናደድ አይተህ አታውቅም። ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ፣ እስከ ትናንትም አልመጡም ነበር። እኔ ምን ልበል? ሁለተኛውን ለምን እንደጻፍኩ ለማስረዳት የመጀመሪያውን ለምን እንደጻፍኩ መናገር አለብኝ። በሰው ፊት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንተም በዚያው ሰዓት ከግሩፑ ወጣህ።

አሁን ግን ታውቃለህ። ያጨበጨቡልኝ ስበድልህ ነው። ስሰርዘው ነው እናትህ የሆንኩት። ከፈለግህ ተቆጣኝ፣ ግን ለሰረዝኩት ሳይሆን ለጻፍኩት ተቆጣኝ። ብቻ ቅዳሜ «እናቴ አላመነችብኝም» የሚል ሐሳብ ይዘህ ወደዚያ አጥር እንዳትገባ። ያ ሐሳብ ከካዛኩ ቡጢ ይብሳል።

ካዛኩን በደንብ አይቼዋለሁ፤ በዛብህ ቪዲዮዎቹን ደጋግሞ ሲከፍት ከምሰሶው ኋላ ሆኜ። ግራኝ ነው፣ ታውቃለህ። ነገር ግን ግራውን ሊሰነዝር ሲል ቀኝ ትከሻው ቀድሞ ይወርዳል። በሁለተኛው ዙር መሀል አፉን ይከፍታል፣ ያኔ ትንፋሽ አጥሮታል ማለት ነው። አንተ ደግሞ ጥሩ ከመታህ በኋላ አገጭህን ቀና ታደርጋለህ። አባትህም ክርክር ሲያሸንፍ እንደዚያው ነበር፤ እሱን ግን መልሶ የሚመታው አልነበረም። አገጭህን ዝቅ አድርግ። ይህን እንደ ገማች አይደለም የምነግርህ፣ ስለዚህ አይሳትም።

ቅዳሜ በሕጉ መሠረት በረንዳ ላይ ነኝ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ትናንት መጥተው «ቤቱ የአንቺ ነው፣ ግቢ» አሉኝ፤ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። እኔ ግን እንቢ አልኩ። እዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ፣ ጆሮዬ ብቻ ከውስጥ ይሆናል። ቤቱ በጩኸት ከተናጋ ሦስት ዓመት ልጠብቅ መሆኑን አውቄ እነሳና ለሁሉም ሻይ እቀዳለሁ። ዝም ካለ ደግሞ… እሱን አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ጽፌው አይተሃል።

ዓርብ ሚካኤል ነው፣ ማልጄ እሄዳለሁ። የምለምነውን ታውቃለህ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ እጅህን ያበርታው፣ ፊትህን ይጠብቅልኝ። ያሰብከውን ያሳካልህ፣ ባለህበት ሰው ይስጥህ። ሳትመታም ሳትደማም የምትኖርበትን ዕድሜ ያድርስህ። ደውልልኝ፣ ባትናገር እንኳ ትንፋሽህን ልስማው።

የምትወድህና የምትናፍቅህ እናትህ
ዘነበወርቅ

በብርቱካን እጅ ጭኮ ልኬልሃለሁ። ዓርብ ሚዛን ላይ ሳትወጣ እንዳትነካው፤ ቅቤው ብዙ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ከሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ትናንት አንሶላህን አጥቤ አልጋህን አንጥፌዋለሁ። ምንም ማለት አይደለም፣ አቧራ ይዞት ስለነበረ ነው።