በልጄ ዓይን ላይ ስላልኩት አሜን

ለተከበሩ የሌዘር ዓይን ሕክምና ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ
ቴል አቪቭ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖችዎ ጤና እንዲሆኑ ከአሽቀሎን፣ ከሺምሾን ሰፈር፣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከፍርሃት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ልጄ ኦስናት ወታደር ከመሆኗ በፊት መነጽሯን ለመጣል ቆርጣ፣ ባለፈው ሳምንት በባቡር ወደ እናንተ ይዛኝ መጣች። እሷ ለምርመራ ስትገባ፣ ትሑት አማካሪዎ እኔን አስቀምጠው ሁለቱን የሌዘር ዓይነቶች በዕብራይስጥ አስረዱኝ። ስለዚህ ቸርነት እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የአማካሪዎ ንግግር ከባቡሩ ይፈጥናል። እሳቸው «ሲኩን» ባሉ ቁጥር እኔ የሰማሁት «ሲኩይ» ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የመጀመሪያው አደጋ፣ ሁለተኛው መልካም ዕድል ማለት ነው። የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ሲሆን፣ የልጄ ዓይን በአንዲት ፊደል ላይ ይንጠለጠላል ብዬ አልጠረጠርኩም።

2. በአንደኛው ዘዴ የዓይኗ ፊት በስሱ ተቆርጦ እንደ ክዳን ይነሳል፤ ከሥሩ በጨረር ይታረምና መልሶ ይከደናል። ወደፊት ዓይኗ ቢመታ ክዳኑ የመንሸራተት ዕድል አለው ሲሉኝ፣ ከንግግራቸው «ዕድል» የምትለዋን ብቻ ይዤ አሜን አልኩ። ዓይኗ የመድረቅ ዕድል አለው፤ አሜን። በሁለተኛው ዘዴ ክዳን የለም፤ የላይኛው ሽፋን ተፍቆ ይነሳና እስኪተካ ድረስ ለቀናት ያማታል፣ እይታዋም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። የማመርቀዝ ዕድል፣ እንደ ጉም ያለ ጠባሳ የመተው ዕድልም አለ። አሜን፣ አሜን፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ። በእኛ ዘንድ መልካም ነገር ሲነገር ዝም ማለት ነውር ነው። አማካሪዎ ግን ፈገግ እያሉ ሌላ አደጋ ጨመሩልኝ እንጂ፣ ይቺ እናት በልጇ ላይ ምን እያጸደቀች ነው ብለው አልጠየቁም።

3. ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ለኦስናት የምሥራቹን ነገርኳት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዕድል ያልኩት ሁሉ አደጋ መሆኑን አንድ በአንድ ተረጎመችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እናንተ ቶሎ ይድናል ብላችሁ የመረጣችሁላት ባለክዳኑን ነው፤ በጦር ሰፈር ክርንና የጠመንጃ ሰደፍ መኖሩን ግን ያነሳ የለም። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች የእህታቸው ልጅ በዚሁ ዘዴ ታክሞ ጥርት አድርጎ ያያል እያሉ ያጽናኑኛል። ደስ ይለኛል፤ በእሱ አደጋ ላይ ግን እናቱ አሜን አላለችም።

4. ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አማርኛ የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ፣ የሁለቱን አደጋ ጎን ለጎን፣ የትኛው ምን ያህል ሰው ላይ እንደሚደርስና ቢደርስ መዳኛ እንዳለው፣ በዝግታ ንገሩኝ። ዓይኑ የኦስናት ነው፤ እሷ ትምረጥ። እኔ የምለምነው በእያንዳንዱ ላይ ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን «ያርቀው» እንድል ብቻ ነው። አፌ ያጸደቀውን አፌ መሻር ይችል እንደሆነ አላውቅም፤ በጣም እፈራለሁ።

አደጋን በፈገግታ ስለሚያድለው ቀልጣፋ አገልግሎታችሁ ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ሸዋነሽ፣ የኦስናት እናት
አሽቀሎን፣ 2007 እ.ኤ.አ.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለክሊኒካችሁ የሚገባ አንድ ቃል አለኝ፤ ዓይን አውጣ። ደብዳቤውን ወደ ዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ኦስናት፣ ሐኪሞቹ ሙያቸው የተጠራ ይመስላቸዋል ብላ ተቸገረች። በአማርኛው እንዲቀር ነግሬያታለሁ፤ ትርጉሙን የፈለገ አስተርጓሚ ይጥራ።