ያዋስኩህ ጉልበት

ውድ ወንድሜ፣

"ውድ" ብዬ የጀመርኩት ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ዛሬስ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ቃል ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። እናታችን ቤት ድረስ ብመጣ በሩን ቆልፈህ "ተኝቷል በይው" አልካት። ድምፅህ እኮ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ሁለት ሜትር የሚሞላ ሰው ተኝቻለሁ ብሎ ሲጮህ እማዬ እንኳ አፍራ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ፤ በበሩ ሥር ታስገባልኛለች። ደብዳቤ ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ማክሰኞ የላክልኝን መልእክት ያነበብኩት የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ነው። "በአንተ ጉልበት የተነሳ ጉድ ሆንኩ" ይላል። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። አንድ እጄ ስልኩን ይዟል፣ በሌላው ሴራሚክ ይዣለሁ። ደጋግሜ ሳነበው የቀባሁት ማጣበቂያ ደረቀ። ፍቄ እንደገና ቀባሁ። በአንተ ጉልበት የተነሳ አልከኝ እኮ። ደሜ ፈላ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነጋገር፤ ትዝታህ ወደሚመችህ በኩል ብቻ ነውና የሚሄደው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ ሙዝ ይዘህ ቤቴ መጣህ። አንተ ሙዝ ይዘህ ስትመጣ ልመና እንዳለብህ ልጆቼም ያውቃሉ።

"አዲሱ የቅርጫት ኳስ ክለብ የሁለት ዓመት ውል ሊያስፈርመኝ ነው" አልከኝ። "ሐሙስ ጉልበቴን በኤምአርአይ ያነሱኛል። ግራው ደግሞ ከልምምድ በኋላ ያብጣል።"

"እና?"

"እና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እብጠቱን ካዩ አለቀልኝ። አንተ ግባልኝ። መልካችን አንድ፣ ቁመታችን አንድ፣ መታወቂያዬን ይዘህ ትገባለህ።"

ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋች። "ምን አላችሁ?" አለች። "ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው እኮ" አልካት። "ሁለታችሁም ጤና የላችሁም" ብላ ውሃዋን ከፈተች።

"የአንተ ጉልበት እኮ ገና ከነላስቲኩ ነው" አልከኝ። "አንድ ቀን እንኳ ዘለህበት አታውቅም።" እኔም በእሺታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ወለል ላይ ተንበርክኬ ሴራሚክ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው፣ ጉልበትህ አዲስ ነው ስትለኝ አመንኩህ። ጉልበት የሚባለው ነገር በቤታችን ለአንተ ብቻ የተሰጠ ይመስለን ነበር፤ ለአንተም ለእኔም።

ከየት እንደመጣ ልንገርህ? ታክሲ ስንሳፈር የፊቱ ወንበር የአንተ ነበር፤ "ጉልበቱ እንዳይታጠፍ" ይባላል። እኔ በአንድ ጣት ብበልጥህ እንጂ አላንስህም፤ ግን ከኋላ ተጣጥፌ አገጬን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ እሄዳለሁ። አናጺው ረጅም አልጋ የሠራው ለአንተ ነው። እኔ እግሬን ወንበር ላይ ዘርግቼ ተኛሁ፤ ያ ወንበር ቀን ቀን ደግሞ የአባባ ነበር። እማዬ ማታ ማታ ጉልበትህን በቅባት ስታሽ እኔ ጎንህ ተቀምጬ ቅባቱን እይዝላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ "አንተስ?" ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። አባባ ሲታመም አጎታችንን ተከትዬ ሥራ የገባሁት ማንም ገፍቶኝ አይደለም። ከሁለታችን አንዱ መሥራት ነበረበት፣ አንተ ደግሞ ቅርጫቱ ሥር ስትዘል ሰው ቆሞ ያይህ ነበር። ቆጭቶኝ አያውቅም ብልህ ውሸት ነው። ግን በአንተ መደሰቴን አትጠራጠር።

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ሄጄ በአንተ ስም ገባሁልህ። የማሽኑ ባለሙያ ስምህን ከወረቀቱ ላይ ሲያነብ ፊቱ በራ። "ያንን የፍጻሜ ጨዋታ አባቴን ይዤ ገብቼ ነበር" አለኝ። "ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሁለቱን ቅጣት ምት ስታስቆጥር አባቴ አለቀሰ።" ምን ልበለው? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት በአንተ ፈንታ። እውነቱን ልንገርህ፣ ራሴ ያስቆጠርኩት ይመስል ደረቴ ተነፋ። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ላይኛው ደረጃ ላይ፤ ኳሷን ሦስቴ አንጥረህ ቀና ስትል ትንፋሼን ይዤ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት፣ አምስት ክለብ፣ አንድም የሜዳ ጨዋታህ አላመለጠኝም። እና ባለሙያው "እግርህን ዘርጋ" ሲለኝ ጉልበቴ አልዘረጋ አለ።

"ያምሃል?" አለኝ።

"ትንሽ።"

"ከባድ የውድድር ዘመን ነበር ማለት ነው" ብሎ ራሱ መለሰው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። የክለቡ ሐኪም ሴትዮ ፎቶውን አይተው ይሄ ጉልበት መጫወት ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ይከብደዋል አሉ። በአጥንትና በአጥንቱ መሃል ያለው ለስላሳው ነገር አልቋል። ክለቡ ውሉን ተወው። አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ "ለምን እንደሚያምህ አልነገርከኝም?" አልከኝ። መቼ ጠይቀኸኝ? ከሁለት ዓመት ወዲህ ደረጃ የምወርደው በጎን ነው። ባለፈው ዓመት በልጄ ልደት ከምንጣፍ ላይ መነሳት አቅቶኝ እጄን ይዘህ ያነሳኸኝ አንተ ራስህ ነህ። "አረጀህ" ብለህ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ።

የሚያስቀውን ደግሞ ስማ። የአንተን ጉልበት እስከ ዛሬ ያየው ሰው የለም። ምናልባት እረፍት ብቻ የሚፈልግ እብጠት ይሆናል፣ ምናልባትም የባሰ ይሆናል፤ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። አንተ ግን በእኔ በሽታ ጡረታ ወጥተህ አልጋ ላይ ተጋድመሃል። እውነቱን እንዳትናገር ማታለልህ ይወጣል። ዝም እንዳትል ሥራህ ቀረ፤ ሌላ ክለብም ቢሆን ወሬውን ሰምቶ አይፈልግህም። እና መፍትሔው በር ቆልፎ እኔን መስደብ ሆነ።

ስለዚህ ትናንት፣ ሳልነግርህ፣ ክለቡ ሄድኩ። ተቆጣ ከፈለግክ። ሐኪሟ ቢሮ ገብቼ ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝና አንተን መስዬያቸው "ውሳኔው ተነግሮሃል፣ የምጨምርልህ የለም" አሉ።

"እኔ እሱ አይደለሁም" አልኳቸው። "ያ ጉልበት የእኔ ነው።"

አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወረዱብኝ። "የሰው ሕይወት ላይ ነው የምትቀልዱት? በሌላ ሰው ፎቶ ሜዳ ባስገባው፣ ቢሰበር፣ ማን ሊጠየቅ ነው?" አሉ። ልክ ናቸው። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። አንተ እዚያ ብትሆን ኖሮ ስድቡን ለሁለት እንካፈለው ነበር።

ሲበርድላቸው ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈቱት። እኔን አዩኝ፣ ፎቶውን አዩት፣ ሱሪዬ ጉልበት ላይ የቀረውን የማጣበቂያ እድፍ አዩት።

"እስቲ ቁጢጥ በል" አሉኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

"መቼ ነው የጀመረህ? ማን ነው የሚያክምህ?"

ወንድሜ፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሴትዮ ፊት፣ እንባዬ መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ጉልበቴ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። ያታለልኳቸው ሴትዮ ናቸው የጠየቁኝ። አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ሶፍት ሰጡኝ፤ ቀጥለውም ጉልበቴ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ነግረውኝ ወደ ሆስፒታሉ ወረቀት ጻፉልኝ።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርህ። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሟ እዚያው ሆስፒታል ይጠብቁሃል። በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ፣ ከዚያ የራስህን ጉልበት ያነሱታል። ውሉ ይመለሳል ብለው ቃል አልገቡም፤ እኔም አልገባልህም። ጉልበትህ ደህና ከሆነ ለአሰልጣኙ ራሳቸው ያስረዳሉ። ካልሆነም ቢያንስ በራስህ ጉልበት ታቆማለህ። ካልመጣህ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ለክለቡ ይጽፋሉ፤ ይሄን ደጋግመው ነግረውኛል። ተለማመጣቸው እንዳትለኝ። አንዴ ገባሁልህ፤ ሁለተኛ አልገባልህም።

እኔም ሰኞ እዚያው ነኝ፣ አንድ ፎቅ ከላይ። የቀዶ ጥገናዬ ቀን ይቆረጥልኛል። ከዚያ ለአራት ወር መንበርከክ የለም፤ የጀመርኩትን መታጠቢያ ቤት ለሌላ ሰው አስረክቤዋለሁ። ባለቤቴ ስትሰማ "እሰይ፣ አንዳችሁ ጤና አገኛችሁ" አለች።

ስትጨርስ ወደ ላይ ውጣ። ሊፍቱ ይሠራል፣ ጉልበቴን አትበል። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ታገኘኛለህ። ይቅርታ አድርግልኝ ማለት አይጠበቅብህም፤ ሙዝም አልፈልግም። ጎኔ ተቀመጥና "ጉልበትህ እንዴት ነው?" ብለህ ጠይቀኝ። መልሱ ረጅም ነው፤ እስክጨርስ ድረስ እንዳትነሳ።

ታላቅ ወንድምህ