የፅጌ ጥርስ የማን ወገን ነው?

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ገበያነሽ፣ መሐል ሜዳ

እማዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? ገብሱስ ከውርጭ ተረፈ? እኛ የአዋሳ ወባና የእርስዎ ናፍቆት እየተፈራረቁብን፣ ተመስገን፣ አለን።

በወንድሜ ያስጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። «የልጅቷን ጥርስ ያበላሸው የቆላ ውሃ ነውና ለጥምቀት መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለዋል። ፅጌ ይህን ሰምታ አልጋ ሥር ገባች፤ በስንት ልመና ወጣች። እማዬ፣ ይቆጡኝ እንጂ ልጄን አልሰጥም።

የላኩት የመፋቂያ እስርም ደርሷል። ባለቤቴ ታምሩ መቼም አስተማሪ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አቁሞ በሎሚና በጨው ሲያስፈትጋት ቡናማው ጥርሷ ጭራሽ ይሸረፍ ጀመር። ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ እያስጮኻት እህል ትታ መነመነች። ፈራሁ፤ ተደብቄ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ኩባዊው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አማርኛው ገና ስለሆነ ግማሹን የሚናገረው በእጁ ነው። በአስተርጓሚ እንደነገረን፣ ጥርሷ ከሥሩ ሲሠራ የላይ ሽፋኑ ሳስቶ ነው የበቀለው፤ ውሃውም ቆሻሻም ጥፋት የለባቸውም። መፋቂያና ሎሚ ከለከለ፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላ ታጽዳ አለ። መንጋጋዎቿን ብረት አለበሰላት። አሁን ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል የምንገዛውን ዓሣ ከነአጥንቱ ትፈጫለች፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳር የገባለት ይመስል የሰፈሩ ልጆች ብረቱን ለማየት በራችን ላይ ይሰለፋሉ። የፊት ጥርሶቿ ግን እስክታድግ ይቆዩ ስለተባለ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች።

ቀጥሎ ያለውን ወንድሜ ወንድሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንብብልዎ። ሐኪሙ ይህ በዘር እንደሚመጣ ነግሮን፣ ከቤተሰብ ማን እንዳለበት ጠየቀ። ታምሩ እኔን አየኝ፣ እኔ ታምሩን አየሁት። እሱ የእናቱም የአክስቶቹም ጥርስ ደህና ነው ብሎ አንድ በአንድ ማለላቸው። እኔም ስለ እርስዎ ልምል አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ተወልጄ ተድሬ እስክወጣ የእርስዎን ጥርስ አይቼ አላውቅም! በሠርጌ ቀን እንኳ በነጠላዎ ሸፍነው ነው የሳቁት። እኛ ጨዋነት ነው ስንል ኖርን።

ለጥምቀት እዚሁ ይምጡና ከእኛ ጋር ይዋሉ። እናቴ ነዎትና አላፍርብዎትም፤ ልጅቷ ግን በዓለም ላይ ብቻዋን መስሏታል።

ወንድሙን፣ ሚስቱን ዘነበችንና ልጆቻቸውን ይሳሙልኝ። ታምሩ ክርክሩን የረታ መስሎት ደረቱን ነፍቶ እጅ ይነሳል። ፅጌ ጉልበትዎን ስማ፣ «አያቴም እንደኔ ናት?» እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ምን ልበላት?

ልጅዎ ከበቡሽ
አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.