ብል የበላው ካፖርት

ኖቬምበር 9

ድንች ከጓዳ አወጣሁ። ዱቄት ነፋሁ። ምድጃው ላይ አንዲት ብል ዞር ዞር ስትል አየኋት። ትንሽ፣ ወርቃማ። በመዳፌ ላጠፋት ስል አማቴ እማማ ናስታሲያ ጮኹ። ዓይናቸው ከጭላንጭል በቀር አያይም፤ ጆሮአቸው ግን...

«ተያት! እሱ ነው!»

«ብል እኮ ናት፣ እማማ።»

«ቶአደር ነው። በርዶት ነው ምድጃ የሚፈልገው።»

ተውኳት። ባሌ ቶአደር ከሞተ ዘጠኝ ወር ሆነው። እናቱ ክንፍ ያለው ነገር ሁሉ እሱ ይመስላቸዋል። ምን ልበላቸው?

ኖቬምበር 12

ሦስት ገደልኩ። እማማ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ።

ኖቬምበር 15

የሱፍ ካልሲዎቹ ተበልተዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ምንጣፍም ጥጉ ሳስቷል። ምንጣፎቹን በሙሉ አዲሱ በረዶ ላይ ዘርግቼ ደበደብኩ፣ ቁምሳጥኑን በሆምጣጤ ወለወልኩ። ሣጥኖቹን ከፍቼ የደረቀ አሪቲ ጨመርኩባቸው። በዚህ መንደር ሱፍ ያለ አሪቲ የምታስቀምጥ ሴት የለችም። ሰነፏም እንኳ።

አንዱን ሣጥን አልከፈትኩም። ብሉ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልከፈትኩም።

ኖቬምበር 16

እማማ ጠዋት ሕልማቸውን ነገሩኝ። ቶአደር በር ላይ ቆሟል፣ በሸሚዝ ብቻ። «በረደኝ» ይላል።

«ካፖርቱን ለአጎቱ ልጅ ለጋቭሪላ ሰጥተሽው የለ?»

«ሰጥቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይለብሰውም? እዚህ የተቀበለው ሰው ካልለበሰ፣ እዚያ ያለው አይሞቀውም።»

«ይለብሰዋል፣ እማማ።»

በአርባው ጫማውን፣ ሸሚዞቹን፣ ባርኔጣውን፣ እያንዳንዱን ከሻማና ከዳቦ ጋር ለሰው እጅ ሰጥቻለሁ። «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀብለውኛል። ካፖርቱን ብቻ... ዓይነ ስውር እናት ዋሸሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኖቬምበር 20

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው?

ያን ቀን ከቶአደር ጋር ተጣልተን ነበር። በምን? በአጥር! ስለተሰበረ አጥር። መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጫካ ወጣ። ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ ቀረ። አይቼዋለሁ። ልጠራው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ይብረደው፣ ልክ ይግባ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱና በረዶው መጣ። በማግስቱ አገኙት። ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ።

ካፖርቱን ሳላጥበው ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። አሪቲም አላደረግኩበት። የትምባሆውንና የላቡን ሽታ እንዳያጠፋብኝ ብዬ። ብሉን ያረባሁት እኔው ነኝ።

ኖቬምበር 28

ዛሬም አልከፈትኩም። እማማ ዛሬም በሕልማቸው አይተውታል።

ዲሴምበር 2

ከፈትኩት። ብሉ ብድግ ብሎ ፊቴ ላይ ወጣ። ጮህኩ መሰለኝ። አንገትጌውና ብብቱ ወንፊት ሆኗል። ላቡ ያለበትን እየመረጡ ነው የበሉት። አፍንጫዬን ቀበርኩበት... አቧራ። አቧራ ብቻ። እሱ የለም።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን አስቀመጥኩት? እሱ በሸሚዝ ቆሞ፣ እኔ ካፖርቱን ለትል አበላሁ።

ዲሴምበር 3

ብልን ብርድ ይገድለዋል። አራት ቀን ውርጭ ላይ መዋል አለበት። ጎተራው ደጃፍ ሰቀልኩት። በመስኮት ሳየው እጅጌው ተወዛወዘ። እንደገና ብርድ ላይ አወጣሁት ማለት ነው?

አራት ቀን ብቻ፣ ቶአደር። አራት ቀን ቻለኝ።

ዲሴምበር 9

ሣጥኑን በፈላ ውሃ አጠብኩት። ካፖርቱን ምድጃው አጠገብ ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ ሰባት ቀዳዳ። ከራሱ በጎች ሱፍ በተፈተለ ክር እየደፈንኩ ነው።

«ምንድን ነው የምትሰፊው?» አሉ እማማ።

«ካልሲ።»

«ሰንብቷል ይሄ ካልሲ።»

መርፌዬ ላይ ሌላ ክር አስገባሁ።

ዲሴምበር 18

ጋቭሪላ መጣ። ከቶአደር ጋር ትከሻቸው አንድ ነው። እማማ ጓዳ ጋደም ብለው ነበር። ሻማ አበራሁ፣ ዳቦውን ካፖርቱ ላይ አድርጌ ዘረጋሁለት። እጄ ግን አልለቅ አለ። እሱ ይስባል፣ እኔ እይዛለሁ...

«አንቺ ሴት፣ እየሰጠሽኝ ነው ወይስ ጉተታ ገጥመን ነው?»

«በአርባው መስጠት ነበረብኝ። ብል በላው። ጠግኜዋለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ብል ስትቀልቢ ከረምሽ በለኛ!» ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው። «ነፍስ ይማር» ብሎ ለበሰው።

ወጣ። በረዶ ይጥላል። በመስኮት አየሁት፣ ከጀርባው። ያ ትከሻ። ያ ካፖርት። ወደ ጫካ በሚወስደው በዚያው መንገድ... ደረቱን አልቆለፈም። በቤት ጫማ ሮጬ ወጣሁ።

«ቆልፈው! ብርድ ነው! እባክህ ቆልፈው!»

ዞረ። ጋቭሪላ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፋቸው፤ እጁን አነሳልኝና ሄደ።

ስመለስ እማማ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ካፖርቱ ወጣ?»

«ያውቁ ነበር?»

«ዓይኔ ነው የጠፋው፣ አፍንጫዬ አለ። በዚያ ሣጥን ባለፍኩ ቁጥር ይሸተኝ ነበር። ልጠይቅሽ እልና... እኔም እንዲወጣ አልፈለግኩም፣ ልጄ።» እጄን ያዙኝ። «በሙቀቱ ወራት ሽታው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነው በሕልሜ መምጣት የጀመረው።»

ስለዚያ ጠዋት ነገርኳቸው። ሁሉንም። እጄን አልለቀቁም።

ዲሴምበር 23

እማማ አምስት ቀን ሙሉ በሕልማቸው አላዩትም። ድንች ስልጥ አንዲት ብል ምድጃው ላይ መጣች። ቢላዬን ይዤ ቀረሁ። እማማ ጆሮአቸውን አቀኑ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «ብል ናት። ግደያት።»

ገደልኳት። መዳፌ ላይ የቀረውን ወርቃማ ብናኝ በሽርጤ ጠረግኩት።